ያልተሰደበ ቤት

የሊያን እናት እጆቿን እስከ ክርኗ ከእንጨት በርሜሉ ውስጥ ከታ ዓሣ ትደረድራለች። ሆዱ የተሰነጠቀውን ታነሣለች፣ በርበሬና ዝንጅብል የገባበት ሩዝ ትሞላዋለች፣ አስተኝታ በመዳፏ ትጫነዋለች፣ ከዚያ ሌላውን ታነሣለች። አንዱ ረድፍ ሲሞላ ቅጠል ታለብሰዋለች። በወጣትነቷ ጨርቅ ስትነክር የኖረችበት ሰማያዊ ቀለም እስከ ዛሬ ከጥፍሮቿ ሥር አልለቀቀም፤ አሁን ደግሞ የበርበሬው ቀይ ተደርቦበታል።

እኔ ደፉ ላይ ተቀምጬ ዝንጅብል እልጣለሁ። ቤታችን ጎን ለጎን ነው፤ ሰገነታችንን አንድ ጣውላ ያገናኘዋል።

«ይህ ሁሉ ለማን ነው፣ እትዬ?» አልኳት።

«ለቀብሬ።»

«ምን አስቸኮለሽ?»

«ማን ቸኮለ? ያ ሰውዬ ሳይቀድመኝ አልሞትም። እንዲህ የተጫነ ዓሣ ዓመታት ይቆያል፤ እኔም እቆያለሁ።»

በአገጯ ወደ ወንዙ ማዶ ጠቆመችኝ። ባትጠቁመኝም አውቀዋለሁ። ማዶ፣ ፀሐይ ቀድማ በምትወጣበት በኩል፣ የትልቅ ቤት አጥንት ቆሟል። ምሰሶዎቹ ቆመዋል፣ ማገሮቹ ገብተዋል፣ ከሁሉ በላይ የጣሪያው አናት የሚያርፍበት ረጅም ግንድ ተጋድሟል። የጣሪያ ሸክላ የለው፣ ግድግዳ የለው። ግንዱ ላይ የታሰረው ቀይ ጨርቅ ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቀውበት ነጭ ሆኗል። ከሥሩ አንድ ሽማግሌ ዱካ ላይ ተቀምጧል። የማንሸን አባት ነው። በየቀኑ እዚያው ነው።

በእኛ በካም ሕዝብ ዘንድ ሰው ልጅ ከወለደ በኋላ በገዛ ስሙ አይጠራም። እሷ የሊያን እናት ናት፣ እሱ የማንሸን አባት። የሁለቱም ልጆች አጠገባቸው የሉም። ታዲያ በተጠሩ ቁጥር የሌለው ልጅ ስም በጆሯቸው ይገባል።

የዚያን ቤት ነገር የሚያውቅ መንደራችንን የሚያውቅ ነው። ጋኦሊን የተቆረቆረችው በሁለት ወንድማማቾች ነው ይባላል። ግብር ሸሽተው በጉዪጆ ተራሮች መካከል ወንዙን ሽቅብ ሲወጡ ከጫካ በቀር ምንም ወደሌለበት ደረሱ። ታላቅየው ፀሐይ ያለበትን ዳገት መረጠ፤ ለታናሽየው ጥላው ቀረለት። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሁለት ነው። የፀሐይ ወገን ጥድ ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይሸጣል፣ በወንዙ ታስሮ ወደ ታች አገር ይወርዳል። የጥላ ወገን ጥድ ግን ልጅ ሆኖ ይቆያል። ቀለበቱ የጠበቀ፣ ቀጥ ያለ፣ ምስጥ የማይደፍረው ነው። የፀሐይ ሰዎች በገንዘብ ይበልጡናል፣ እኛ በእንጨት እንበልጣቸዋለን። በዓል ሲሆን መንደሩ ሁሉ በሚሰበሰብበት በአንድ የከበሮ ግንብ ሥር አንድ እሳት እንሞቃለን፣ በዘፈን እንሰዳደባለን፣ ከዚያ እንጋባለን።

መንግሥት በየመንደሩ ብረት ይቅለጥ ያለበት ዓመት እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ሁለቱም ዳገት ተመለጠ። ጫካው ሁሉ ወደ ምድጃ ገብቶ፣ የወጣው ብረት ድስት እንኳ የማይሆን ዝቃጭ ነበር። ወፍ ጠፋ፣ ምንጭ ደረቀ፣ ክረምት ሲመጣ አፈሩ ሩዛችን ላይ ወረደ። ዛሬ የሚታየው ጥድ ሁሉ ከዚያ በኋላ በሰው እጅ አንድ በአንድ የተተከለ ነው። ለዚህ ነው እኛ ዘንድ ዛፍ ባለቤት ብቻ ሳይሆን ተካይም ያለው፤ ይህን ማን ተከለው፣ ለማን ተከለው ብለን እንጠይቃለን።

ሴት ልጅ ስትወለድ አባቷ ጥድ ይተክልላታል። ስትዳር ዛፎቹ ይቆረጣሉ፤ ሳጥኗ፣ አልጋዋ፣ ጥሎሿ ከዚያ ይወጣል። ሊያን የተወለደችው የግል ዛፍ በሚወገዝበት ዘመን ነው። አባቷ ግን ማንም በማይፈልገው የጥላ ገደል ላይ፣ ወገቡን በገመድ አስሮ እየተንጠለጠለ ተከለላት። ችግኞቹ ጉልበቱ ጋ ሳይደርሱ ከሰዎች ጋር ግንድ ሲያወርድ ግንዱ ተንሸራቶበት ሞተ። የሊያን እናት ሌላ አላገባችም። ልጇንና ዛፎቹን እኩል አሳደገች። የልጅቷ ጥርስ ሲነቀል ሄዳ ከረጅሙ ጥድ ሥር ቀበረችው፤ ራሴ አይቻለሁ።

ይህች ሴት በአንድ ነገር ታዋቂ ነበረች፤ በምላሷ።

እኛ ዘንድ ቤት የሚሠራ ሰው እንጨቱን ሁሉ ከራሱ ጫካ ይቆርጣል። የአናቱን ግንድ ግን ከሰው ጫካ መስረቅ አለበት። ጎህ ሲቀድ ከወዳጆቹ ጋር ይሄዳል፣ ያማረውን ዛፍ ይጥላል፣ ጉቶው ላይ ቀይ ጨርቅና የሩዝ አረቄ ያስቀምጣል፣ ርችት ይተኩሳል። ባለቤቱ ርችቱን ሰምቶ ይወጣና ሌባውን በሰው ፊት ይሰድበዋል። ያልተሰደበ ግንድ አሁንም ጫካ ውስጥ ያለ ይመስለዋል ይላሉ አባቶቻችን፤ ዝናብ ይጠራል፣ ነፋስ ይጠራል፣ ትል ይጠራል። ስድቡ ነው «ሄደሃል፣ ተሰርቀሃል፣ ከእንግዲህ ቤት ነህ» ብሎ የሚነግረው።

የሊያን እናት ስትሰድብ ሥራ ተፈቶ ይሰማ ነበር። የላይኛው ጫካዋ በየዓመቱ ይሰረቃል፤ ሰው ሆን ብሎ ወደ እሷ ይመጣል። አንዴ አንድ ጎረቤታችንን ስትሰድበው ሰምቼ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«አንተ ሌባ! የሌባ ልጅ፣ የሌባ አያት የምትሆን ሌባ! እንቅልፍ አይውሰድህ፤ የሕፃን ልቅሶ ይንሳህ! ደጅህ አይድረቅ፤ የእንግዳ እግር ያቡካው! ጎተራህ ይሰንጠቅ፤ እህሉ ይተርትረው! ወገብህ ይጉበጥ፤ የልጅ ልጅ አዝለህ! ጥርስህ ይርገፍ፤ ሥጋ ስትግጥ!»

ሰውየው ጉቶው ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ያ ቤት ዛሬ ልጅ በልጅ ነው።

ሊያን ዐሥራ ሰባት ሲሞላት ከሌሎች ልጃገረዶች ጋር ወደ ባሕሩ ዳር ፋብሪካዎች ሄደች። በዓመቱ እመጣለሁ ብላ ነበር። ሌሎቹ መጥተው ተዳሩ። ሊያን መጀመሪያ ጨርቅ ላከች፣ ከዚያ ሰላምታ በሰው ላከች፣ ከዚያ ምንም። ዛፎቹ ለመቁረጥ ደረሱ፣ አለፉ። እናቷ «የሊያን ናቸው፤ ስትመጣ ትቆርጣቸዋለች» እያለች አቆየቻቸው። በበጋ ከሥራቸው አረም ትመነጥራለች፣ ሐረግ ትፈታላቸዋለች። እኛም ወደዚያ ገደል አንሄድም ነበር። ማንም አትሂዱ አላለንም፤ አይኬድም፣ አበቃ።

የማንሸን አባት ግን የፀሐይ ወገን ነው። ክፉ ሰው አልነበረም ብል ዛሬም ትቆጣኛለች፤ ግን አልነበረም። ጮክ ብሎ የሚናገር፣ ከሁሉ ትልቅ ቤት፣ ከሁሉ ብዙ እንግዳ የሚወድ ሰው ነበር። አንድ ልጁን ማንሸንን ሊድር ነው፣ ለሙሽራይቱ ባለ ፎቅ ቤት ይሠራል። የአናቱ ግንድ ከመንደሩ ያማረ፣ ስድቡም ከመንደሩ ያማረ እንዲሆን ፈለገ። በድልድዩ ላይ አረቄ እየጠጣ ሲናገር ሰዎች ሰምተውታል።

«ሊያን እንደሆነ አትመጣም። ዛፉ ቆሞ ከሚበሰብስ የኔ ቤት ይሁን። እናትየዋም በልጇ ነገር ታምቃ ከረመች፤ እንደ ልማዷ ትሳደብና ይውጣላት!»

ርችቱ የተተኮሰው ጉም በሸፈነው ማለዳ ነው። የሊያን እናት እንደ ልማዷ የላይኛው ጫካ መስሏት መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ወጣች። ሴቶችና ልጆች ለመስማት ተከተልናት። ደስ ብሏታል፤ በመንገድ ላይ ስድብ እየመረጠች ለብቻዋ ትስቃለች። ድምፁ ከገደሉ በኩል መሆኑን ያወቅነው ጉሙን አልፈን ስንወጣ ነው። እሷ ገና ከሩቅ «አንተ ሌባ!» ብላ ጀምራ ነበር።

ከዚያ ጉቶውን አየች።

ረጅሙ ጥድ ነው። ግንዱ በወንዶች ትከሻ ላይ ሆኖ ቀይ ጨርቅ ለብሷል። የማንሸን አባት ጽዋ ይዞ፣ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ይጠብቃታል።

«በይ እንጂ የሊያን እናት! ጆሮዬን ታጥቤ መጥቻለሁ!»

እሷ አላየችውም። ሄዳ ጉቶው አጠገብ ተንበረከከች። ሙጫው ገና ይፈሳል። መዳፏን አስቀመጠችበት።

«ምነው?» አለ እሱ፤ ፈገግታው መክሰም ጀመረ። «ልጅቷ እኮ ከተማ ቀርታለች። ያላየነው ነገር አይደለም። የሊያን እናት፣ እኔ እኮ ላከብርሽ ነው የመጣሁት።»

ተነሣች። መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች። ፊቷን አየሁት፤ እንደ ተዘጋ በር ነበር።

«የማንሸን አባት፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለች ቀስ ብላ። «ጥሩ ዛፍ መርጠሃል። ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፤ ቤትህን እያየህ ኑር።»

ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ የሚያስፈራ ምርቃት ሰምቼ አላውቅም።

እሱ ያን ጊዜ አላመነም። «እስከ ማታ ትሰድበኛለች፤ ያቺ ምላስ አስችሏት ልትቀመጥ?» ብሎ ሳቀ። አዋቂ የቆረጠለት መልካም ሰዓት እንዳያልፍ ግንዱን በዚያው ቀን ቤቱ አናት ላይ አወጣው። ስሕተቱ ይህ ነው። አንዴ ቀይ ለብሶ አናት ላይ የወጣ ግንድ ቤቱን የሠራው ሰው በሕይወት እያለ አይወርድም፤ ግንዱን ማውረድ የራስን ጭንቅላት ማውረድ ነው። ማታ ሆነ፣ አልተሳደበችም። በማግስቱ አናጺው መሣሪያውን ይዞ መጣና ከታች ቆሞ ጠየቀ።

«ሰደበችህ?»

«ትሰድበኛለች።»

«ስትሰድብህ ጥራኝ» አለና ተመለሰ። ሸክላ የሚሠራውም እንዲሁ አለ።

ነገሩ ወደ ከበሮው ግንብ ሄደ። ሽማግሌዎች እሳቱን ከበው ተቀመጡ፤ የሁላችን ዳኛ የነበሩት አያ ፓን መካከል ላይ ሆኑ። የማንሸን አባት ተነሥቶ ከሰሰ።

«ወግ ነው! ባለ ዛፍ መሳደብ አለበት። ደግሞም ጀምራ ነበር። ‹አንተ ሌባ› ብላኛለች፤ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል!»

አያ ፓን ፒፓቸውን አራገፉ። «ልጄ፣ ዛፍ ወስደሃል?»

«ወስጃለሁ፣ አያ።»

«ያንተ ነበር?»

«አልነበረም።»

«እንግዲያ ሌባ ነህ። እውነት መናገር ደግሞ ስድብ አይደለም።»

ግንቡ በሳቅ ተናወጠ። እሱ ግን አልሳቀም። «ታዲያ እንድትሰድበኝ ትታዘዝልኝ!» አለ።

«በአባቶቻችን ደንብ የሰደበን እንቀጣለን» አሉ አያ ፓን። «ሰው ደብድቦ የመጣን፣ ድንበር የገፋን፣ እሳት የለቀቀን እንቀጣለን። ጎረቤቱን አላዋረደም ተብሎ የተቀጣ ሰው ግን የት አገር አየህ? አንቺስ፣ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

የሊያን እናት ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ እጅ ነሣች። «እኔ ምን እላለሁ፣ አያ? የማንሸን አባት መልካም ሰው ነው። አንድ ክፉ ቃል አይወጣኝም።»

ከዚያ ወዲያ ሊያናድዳት ተነሣ። መንደራችን እንደዚያ ዘመን ስቆ አያውቅም። ጎሹን ሩዟ ውስጥ ለቀቀባት። ወጥታ አየችና «ከስቷል ምስኪን፤ ይብላ» አለች። የቀለም ጋኗን ደፋባት። «እኔም ልደፋው ነበር፤ ዕድሜ ይስጥህ» አለች። ልጆችን አስተምሮ በደጇ «አፈ ቆራጣ! አፈ ቆራጣ!» ብለው እንዲጮኹ አደረገ። ጠርታ የተጠበሰ በቆሎ ሰጠቻቸው። እሱ በደጇ ወዳለው ድልድይ ባለፈ ቁጥር ከሰገነት ላይ ሆና ሰላምታ ታቀርብለታለች፤ ስለ ጤናው ትጠይቀዋለች፣ ስለ ማንሸን ትጠይቀዋለች፣ በመጨረሻ ሁልጊዜ «ቤትህ እንዴት ያምራል!» ትለዋለች። ጠዋት ጠዋት ያን ላለመስማት በላይ ዞሮ፣ ወንዙን በድንጋይ ላይ እየዘለለ መሻገር ጀመረ። አንድ ቀን ተንሸራቶ ወደቀ። እሷ ሰገነቷ ላይ ሆና «አይዞህ!» ብላ ጮኸች።

የማንሸን ሙሽራ እናት ልጄን ከዚያ ግንድ በታች አላስተኛም አለች። ቢለምኑ፣ ቢያስለምኑ እምቢ አለች። በመጨረሻ ማንሸን ልብሱን በዘንቢል ይዞ የሚስቱ አገር ሄደ። ወንድ ልጅ በአማቱ ቤት ገብቶ መኖር እኛ ዘንድ ምን ያህል ውርደት እንደሆነ የጋኦሊን ሰው ያውቀዋል። አባቱ እስከ ድልድዩ ሸኘው። የሊያን እናት በዚያን ቀን ጨርቅ ትቀጠቅጥ ነበር፤ መዶሻዋን አስቀምጣ ማንሸን በመንገዱ መታጠፊያ እስኪሰወር ቆማ አየች።

«አሁን ይጠብቅ» አለችኝ። «ይምጣ አይምጣ የማይታወቅ ልጅ መጠበቅ ምን እንደሆነ አሁን ይወቀው። ያን ጊዜ በድልድዩ ላይ አትመጣም ሲል ለአፉ ቀሎት ነበር።»

«ማንሸን ምን አደረገሽ፣ እትዬ?»

«ምንም። ዛፌስ ምን አድርጎት ነበር?»

እኔ የማልዋሸው ነገር፣ ቂሙ እሷንም በልቷታል። ሌሎች ሰዎች ከጫካዋ ሲሰርቁ ወጥታ መሳደብ ተወች። «አንዱን ሰድቤ አንዱን ብተው አፌ ይለምዳል፤ ይስተኝና እሱንም እሰድበዋለሁ» ትላለች። ሰው ወደ ሌላ ጫካ ሄደ። የእሷን ስድብ ሳይሰሙ ያደጉ ልጆች አሉን ዛሬ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሁሉ በሚንተባተቡ ሴቶች ስድብ የተሠራ ነው፤ ደጅህ አይድረቅ የሚል እንኳ ጠፋ።

አንድ ቀን እንጉዳይ ልለቅም ጥላው ገደል ጋ ስደርስ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ሰው የተጣላ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሷ ናት። ጉቶው ፊት ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትሳደባለች። እንደ ድሮው! እንዲያውም ከድሮው የሚበልጥ። «ምድጃህ አይጥፋ፤ የምራት ድስት ይጣድበት! ሰገነትህ ይጉበጥ፤ የልጅ ልጅ ልብስ ይሰጣበት!» ትላለች። የምታነሣው ሁሉ የማንሸን አባት የሌለው ነገር ነው። ሳላስበው ሳቅሁ፤ ዞራ አየችኝ።

«እትዬ፣ ይህን በፊቱ ብትዪው ምናለ? አንድ ትንፋሽ እኮ ነው።»

«እዚህ የተባለ አይቆጠርም። ሰው አልሰማም።»

«ታዲያ ለምን ትደክሚያለሽ?»

«የዛገ ቢላ ይዤ አልሰጥህም ብለው ምን ጎዳሁት?» አለች። «በየጊዜው እስለዋለሁ። የነፈግሁት ነገር ምን እንደሆነ እኔ ማወቅ አለብኝ።»

ከዚያ ብዙ ቆይቶ የመኪና መንገዱ መጣ፤ በመኪና መንገዱ ደግሞ ሊያን መጣች። ጸጉሯ ተቆርጦ፣ የሌላ አገር ባልና ቋንቋችንን የማታውቅ ሴት ልጅ ይዛ። እናቷ ደረጃውን ስትወርድ ሁለት ጊዜ ወደቀች። ልጇን አቅፋ አላለቀሰችም፤ እንደ ዕቃ አገላብጣ አየቻት፣ ጥርሷን አየች፣ መዳፏን አየች። ከዚያ ምንም ሳትበላ ወደ ገደሉ ወሰደቻት። እኔም አብሬ ወጣሁ። ከጉቶው ዙሪያ አዲስ ቡቃያ በቅሎ ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል፤ ሌሎቹ ጥዶች እንደ ቆሙ ናቸው።

«ያንቺ ናቸው። ቁረጪና ውሰጂ» አለች እናቷ።

ሊያን ቀና ብላ አየቻቸው። «እማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ጥዱን የት ላስቀምጠው? ሸንኮራ አይደል በጆንያ አልይዘው።»

ሳቀች፤ ልጅቷም እናቷ ስትስቅ አይታ ሳቀች። የሊያን እናት ከግንዱ ላይ ሐረግ ፈታች።

መንደሩ ሁሉ ነገሩ በዚህ ያበቃል ብሎ ጠበቀ። የማንሸን አባት በማግስቱ አውራ ዶሮና አረቄ ይዞ መጣ፤ ከኋላው ሰው ግር ብሏል። በዚያው ሰሞን የማንሸን አማት ሞታ ነበር፤ ወንድሞቿ ቤቱን ሊወስዱት ነው። ማንሸን ልኮበት ነበር፤ ቤቱ ካለቀ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ፣ ካላለቀ ወደ ከተማ እሄዳለሁ ብሎ። የልጅ ልጆቹን እስከዚያ ድረስ ሽማግሌው ከሁለት በዓል በላይ አላያቸውም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም ታውቃለች።

ደረጃዋ ሥር ተንበረከከ። ያ ጯሂ ሰው ድምፁ አይሰማም።

«የሊያን እናት፣ ልጅሽ ይኸው መጣች። አትመጣም ያልኩት ውሸቴን ነበር። አፌን ምስጥ ይብላው። አሁን ስደቢኝ።»

ሊያን የእናቷን ክንድ ያዘች። «እማ፣ በናትሽ ስደቢውና ይገላገል። እኔ እንደሆነ ዛፉን አልፈልገውም። ለኔ ብለሽ ከሆነ ይቅር።»

«ላንቺ ብዬ አልነበረም እንዴ?» አለች እናቷ፤ ጥያቄው ለራሷ ይመስላል። ከዚያ ወደ ማዶ፣ ወደዚያ ግንድ አየች። አፏን ከፈተች። እኔ ከጎኗ ስለነበርኩ ምላሷ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ስድቡ እዚያ፣ የተሳለ፣ ጥርሷ ላይ ደርሶ ነበር። አውራ ዶሮው ብቻ ይንፈራገጣል።

«የማንሸን አባት» አለች። «ዛፉን የተከለው ባሌ ነው፤ በገመድ ተንጠልጥሎ። አንተ ከታች ቆመህ ‹ለሴት ልጅ ብሎ አንገቱን ሊሰብር ነው› እያልክ ትስቅ ነበር። ረስተኸዋል፤ እኔ አልረሳሁም። ተነሥ፣ ጉልበትህ ይታመማል። ቤትህ ያምራል። እንደ እሱ ያለ ቤት በዚህ ወንዝ ላይ የለም።»

እና ገባች።

ሊያን ከጥቂት ቀን በኋላ ተመለሰች፤ አሁን በየዓመቱ ትመጣለች። ማንሸን ከተማ ገባ። ሽማግሌው የአባቱ አሮጌ ቤት ውስጥ ያድራል፣ ቀን ቀን ከግንዱ ሥር ይውላል። እኔ አልፎ አልፎ ሾርባ አደርስለታለሁ። እሷ ታያለች፤ አትከለክለኝም። «አብዝተሽ አድርጊለት» ትለኛለች፤ «እንዲቆይልኝ።»

ዘንድሮ ግን ያላሰበችው ነገር መጣባት። መንገዱ ጎብኚ ማምጣት ጀምሯል። የከበሮውን ግንብ ያያሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ ከዚያ ማዶ ተሻግረው ያንን የቤት አጥንት ያያሉ። ባለፈው አንዲት ወጣት ካሜራዋን እያየች ስትሄድ ማገሩ ግንባሯን መታት።

«ወይ የተረገመ ቤት!» ብላ ጮኸች። «ማነው ይህን የሠራ እብድ? ይፍረስበት!»

የማንሸን አባት እንደ ጎረምሳ ከዱካው ተነሣ። እጇን ስሞ አረቄ ቀዳላት፤ ልጅቷ የያዘው ነገር ያለ መስሏት ሸሸች። በማግስቱ ከበሮው ግንብ ሄዶ «ተሰደብኩ! መንደሩ ሰምቷል!» አለ። አያ ፓን ሞተዋል፤ የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች የእሳቸውን ያህል አንጀት የላቸውም። ባለ ዛፍ ያልሆነ ሰው ስድብ አይቆጠርም አሉት መጀመሪያ። እሱ ግን የእንግዳ ቃል የመንደር ቃል ነው ብሎ ተከራከረ። ተያዩ። «ሌላም እንግዳ ቢሰድብህ እናስብበታለን» አሉት። ሸክላ ሠሪውን ከአሁኑ አነጋግሯል።

የሊያን እናት ይህን የሰማች ዕለት እህል አልቀመሰችም። ዛሬ ዓሣውን ጭና እጇን ከታጠበች በኋላ ነው ወደኔ ዞራ «አንቺ በስተርጅና ፊደል የቆጠርሽው ለምን ይመስልሻል? ጻፊልኝ» ያለችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው፤ እኔ አልጨመርኩበትም።

«ጋኦሊን የምትመጡ እንግዶች ሆይ፣ ከወንዙ ማዶ ሸክላ የሌለው ቤት ታያላችሁ። ከሥሩ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ አረቄ ይሰጣችኋል፣ ቤቴ አያስጠላም ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። አደራችሁን፣ አመስግኑት። ያምራል በሉት፣ እንዲህ ያለ አላየንም በሉት። ማገሩ ግንባራችሁን ቢመታችሁ እሹት እንጂ አፋችሁን አትክፈቱ።»